ብርሌ ከነቃ በኋላ

የምኖረው ፉሪ ነው። ከተማው የት ጋ እንደሚያልቅ እንዳትጠይቁኝ። እኔ ቤት ስሠራ እዚህ ጋ ነበር የሚያልቀው፤ አሁን አልፎን ሄዷል። በግራም በቀኝም ይቆፈራል፣ ይገነባል፣ ይፈርሳል፣ ደግሞ ይቆፈራል። አቧራውን ከቡናችን ጋር መጠጣት ከጀመርን ቆየን።

ባለፈው በጋ አጥር የምንጋራቸው ጎረቤቴ መሠረት ያስቆፍሩ ነበር። ሠራተኞቹ ለምሳ ሲበተኑ ከተቆለለው አፈር መሀል አንድ ነገር ፀሐይ አግኝቶት ብልጭ አለ። ሄጄ አነሳሁት። ወፍራም፣ አረንጓዴ፣ የመዳፌን ግማሽ የሚሞላ ስባሪ ነው፤ የሆነ ዕቃ ቂጥ። በአንድ ጎኑ ስስ ልባስ ይዟል። ዘወር ዘወር ሲያደርጉት እንደ ርግብ አንገት ይለዋወጣል፤ ሐምራዊ ይሆናል፣ አረንጓዴ ይሆናል፣ ወርቅማ ይሆናል። እውነቱን ልናገርና ልቤ ዘለለች። የዛጉዌ ዘመን ብርጭቆ ያገኘሁ መሰለኝ።

ፎርማኑ ሳቀብኝ። «ማዘር፣ እጅዎን እንዳይቆርጥዎት። እንዲህ ዓይነቱ ሞልቷል፤ ከአፈሩ ጋር ነው የምንደፋው።»

ቅዳሜ ቆራሌው በሠፈሩ ሲያልፍ ጠራሁትና አሳየሁት። እስቲ የገበያውን ዋጋ ልወቅ ብዬ ነው። አገላብጦ አየው፣ መለሰልኝ። «ሙሉ ጠርሙስ ካለዎት እወስዳለሁ። ስባሪ ምን ያደርግልኛል?» አለና ጆንያውን ትከሻው ላይ አስተካክሎ ሄደ። አባቶቻችንም ከሱ ጋር ናቸው። ብርሌ ከነቃ አይሆንም ዕቃ።

እኔ ግን በዚህ ተረት ላይ ክርክር አለኝ። ክርክሩን ያስጀመሩኝ ደግሞ አንድ ሙዚየም ውስጥ የሚሠሩ፣ ከድሮ ጀምሮ የማውቃቸው እትዬ ናቸው።

ስባሪዬን በጋዜጣ ጠቅልዬ ሄድኩ። ጋዜጣውን ስፈታ ዕቃውን ቀና ብለው እንኳ አላዩትም።

«ከየት ነው ያነሳሽው?»

«ጎረቤቴ ካስቆፈሩት አፈር ላይ።»

«ከጉድጓዱ ስንት ሜትር ላይ ነበር? አብሮት ምን ነበር? ሸክላ? አጥንት? ቆርቆሮ?»

ዝም አልኩ። እኔ ያየሁት ከተቆለለው አፈር ላይ ነው። ከታች ይሁን ከላይ የመጣው፣ ማን ያውቃል?

«እንግዲህ ግማሹን እዚያው ጥለሽው ነው የመጣሽው» አሉኝ። ከዚያ አነሱና ወደ መስኮቱ አስጠግተው ጎኑን አሳዩኝ። ፀጉር የምታክል ቀጥ ያለች መስመር አለች። በጣት ስትነኪያት ከፍ ትላለች። ጠርሙሱ የተቀረጸበት የብረት ቅርጽ ሁለት ግማሾች የሚገጥሙበት ቦታ ነው። የፋብሪካ ጠርሙስ ነው ማለት ነው። ከዛጉዌ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም፤ ምናልባት ከጣልያን ጊዜ ጋር።

«ቀስተ ደመናውስ?» ብዬ ተከራከርኩ።

«እሱ የዕድሜ ሳይሆን የእርጥበት ሥራ ነው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ብርጭቆ ውስጥ ሶዳ አለ፤ የሚጠጣው ሳይሆን ጨው መሰሉ። እርጥብ አፈር ውስጥ ሲቀመጥ ውሃው ሶዳውን ቀስ በቀስ ያጥበዋል። ላይ ላዩ ላይ ወረቀት የመሰሉ በጣም ስስ ሽፋኖች ይቀራሉ። ብርሃን በነዚያ ሽፋኖች መሀል ሲመላለስ ቀለም ይሠራል፤ አስፋልት ላይ የፈሰሰ ናፍጣ ዝናብ ሲያገኘው እንደሚሠራው ማለት ነው። አፈሩ ከተመቸው ጥቂት አሥርት ዓመታት ይበቁታል።

ፊቴ ላይ ያዩትን አዩና ሳያዝኑልኝ አልቀሩም። ተነስተው ከአንድ የብረት ቁም ሳጥን ታችኛው መሳቢያ የብስኩት ቆርቆሮ አወጡ። ክዳኑ ላይ በእስክሪብቶ «ልዩ ልዩ ብርጭቆ» ይላል። ውስጡ ጥጥ። ጥጡ ላይ ሠላሳ አርባ የሚሆኑ ቁርጥራጮች።

የመጀመሪያዋ የአውራ ጣት ጥፍር ታክላለች። የመጠጫ አፍ ናት፤ ጠርዟ ወደ ውስጥ ተጠቅልሎ በእሳት ለስልሷል። ከንፈር የነካው ቦታ ነው። ወደ ብርሃን ሳነሳት ውስጧ ነጠብጣብ አየር አለ፤ ነጠብጣቦቹ ክብ አይደሉም፣ እንደ ገብስ ፍሬ ተለጥጠዋል፤ ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ። ብርጭቆው በትንፋሽ እየተነፋ እየተሽከረከረ ሳለ አብረው የተሳቡ ናቸው። ስምንት መቶ ዓመት ይሁን ዘጠኝ መቶ አላውቅም፣ ብቻ አንድ ሰው የተነፈሰው ትንፋሽ እዚያ ውስጥ አለ። ፋብሪካ ውስጥ የተሠራው የኔ ስባሪ ይሄ የለውም።

ሌላዋ ቀጭን ሰማያዊ ክር የተጠመጠመባት የትንሽ ጠርሙስ አንገት ናት። ሽቶ ወይም ኩል ይሆናል የያዘችው። ሦስተኛው ቂጥ ነው። መሀሉ ላይ ሸካራ ክብ ጠባሳ አለው። ብርጭቆ ሠሪው አፉን ለማበጀት ሲል ከታች በብረት ዘንግ የያዘበትና ሲጨርስ ቀጭ አድርጎ ያላቀቀበት ምልክት ነው፤ እንደ እምብርት።

«የመካከለኛው ዘመን ናቸው» አሉኝ እትዬ። «ቅርጻቸው ይናገራል። ከየት እንደመጡ ግን…» ከጥጡ ሥር ወረቀት አወጡ። ብል በልቶታል። የቀረው አንድ ቁጥርና «…ቁፋሮ» የሚል ግማሽ ቃል ነው። ቀለሙም ወደ ቡናማ ሄዷል።

እንግዲህ ጉዳዬ ይሄ ነው። ተረቱ ተሳስቷል፤ የነቃ ብርሌ ዕቃ ነው፣ ያውም ከሙሉው የበለጠ የሚናገርበት ጊዜ አለ። ግን አድራሻውን ሲያጣ ተረቱ ትክክል ይሆናል። እኛ ደግሞ አሁን አድራሻ በማጥፋት ላይ በጣም ፈጣን ሆነናል፤ ከተማው ጫፍ ላይ በኤክስካቫተር፣ መሳቢያ ውስጥ በቸልታ።

መጀመሪያ ስባሪ ምን እንደሚናገር እንይ። ከዚያ በኋላ ነው የሚያንገበግበው።

እትዬ አንድ ወረቀት አሳዩኝ። ኩሬ ውስጥ ድንጋይ ሲወረወር እንደሚሰፋው ሞገድ አንዱ በአንዱ ውስጥ የተሣሉ ክቦች አሉበት። የመጠጫውን አፍ ቁራጭ እያንቀሳቀሱ ኩርባው ከየትኛው ክብ ጋር እንደሚገጥም ይፈልጋሉ። ሲገጥም የአፉ ስፋት ተገኘ። ከጥፍር በማትበልጥ ቁራጭ መጠጫው በአንድ እጅ የሚያዝ ይሁን በሁለት እጅ የሚነሳ ሳህን ታውቃላችሁ። ይሄን የሚጠይቀው እርሳስና ወረቀት ብቻ ነው፤ ኮንፈረንስ አይጠይቅም።

ቀጥሎ ቀለሙ አለ። አሸዋ ውስጥ ሁሌም ትንሽ ብረት አለ፤ አረንጓዴው ከሱ ነው። ማንጋኒዝ ከገባ ቀለሙ ይጠፋል፤ ሲበዛ ደግሞ ወደ ሐምራዊ ይሄዳል። ደማቅ ሰማያዊ ካያችሁ ኮባልት ገብቷል።

ከሁሉም በላይ ግን የሚገርመኝ ቅመሙ ነው። ብርጭቆ በመሠረቱ አሸዋ ነው። አሸዋ ብቻውን ለማቅለጥ ግን ወደ 1,700 ዲግሪ ሙቀት ይፈልጋል፤ የጥንት ምድጃ ያን አይችለውም። ስለዚህ ሶዳ ይጨመርበታል፤ ሙቀቱ ወደ 1,100 አካባቢ ይወርዳል። ኖራ ደግሞ ውሃ እንዳያሟሟው ያጸናዋል። ወጥ ነው በሉት። ሽሮው ሁሉ ቤት አለ፤ ቤቱን የሚያሳውቀው ማቁላያው ነው። ሮማውያንም ከነሱ በኋላ የመጡትም ሶዳውን ያመጡት ከግብፅ፣ ዋዲ ናትሩን ከሚባለው የጨው ሐይቆች ሸለቆ ነው። በ9ኛው ክፍለ ዘመን ያ አቅርቦት ቀረ፤ የግብፅና የሶርያ ብርጭቆ ሠሪዎችም ጨዋማ መሬት ላይ የሚበቅሉ ቁጥቋጦዎችን አቃጥለው በአመዳቸው መጠቀም ጀመሩ። አመድ ደግሞ ይናዘዛል፤ ማግኒዚየምና ፖታሲየም ይዞ ይመጣል። ሁለቱም ከ1.5 በመቶ በታች ከሆኑ ብርጭቆው የድሮው የማዕድን ሶዳ ነው፤ ከዚያ በላይ ከሆነ የአመድ ነው። ፋርስና ሜሶፖታሚያ ግን ቀድሞውንም አመድ አልተዉም ነበር፤ ስለዚህ ቁጥሩን ብቻ አይቶ ዘመን መቁጠር ያሳስታል፣ ቅርጹንም ማየት ያስፈልጋል።

ይህን ለማወቅ ስባሪውን መፍጨት ድሮ ቀረ። ዛሬ በሌዘር ከፀጉር የቀጠነች ጉድጓድ ይበሱና ከውስጧ የወጣውን ይመዝናሉ። እንደ ሽጉጥ በእጅ የሚያዝ የኤክስሬይ መሣሪያም አለ፤ ርካሽና ፈጣን ነው። ግን የሚያየው ላይ ላዩን ነው። ያ ቀስተ ደመናማ ልባስ ደግሞ ሶዳው የታጠበበት ቆዳ ነው፤ ቆዳውን አይተህ ሥጋውን ልትናገር አትችልም። እትዬ «መሣሪያውን ይዘው መጥተው በአንድ ከሰዓት ሁሉን ለክተው የሚሄዱ አሉ፤ ቁጥሩ ያምራል፣ ውሸት ነው» ሲሉ ያልሳቅኩት ሳቄን ውጬ ነው።

አሁን ወደ አገራችን። ብርጭቆ ለኛ አዲስ እንግዳ አይደለም። በ1ኛው ክፍለ ዘመን አንድ ግሪክኛ የሚጽፍ ነጋዴ የቀይ ባሕርን ወደቦች ሲዘረዝር፣ አዱሊስ ከሚገቡት ሸቀጦች መካከል ብዙ ዓይነት የብርጭቆ ዕቃ አስገብቷል። በአክሱም መቃብሮች ውስጥም የብርጭቆ ዕቃዎች ተገኝተዋል። በግዕዙም ስም አለው፤ ማህው ይባላል። የሚገርመው አማርኛው ነው። ለጠጣሩ ነገር ራሱ አንድ የጋራ ስም የለንም፤ ሲጠጡበት ብርጭቆ፣ መስኮት ላይ ሲሆን መስታወት፣ ቢራ ሲይዝ ጠርሙስ፣ ጠጅ ሲይዝ ብርሌ። ብርሌ ራሱ በቀድሞው አነጋገር እንደ ውሃ የጠራ የከበረ ድንጋይ ስም ነው። ጠጅ ቤት የምንወዘውዘው ነገር የዕንቁ ስም ይዟል።

የመካከለኛው ዘመን ታሪክ በጣም የሚፈካው በምሥራቅ ነው። ድሬዳዋ አጠገብ ሐርላ የምትባል መንደር አለች። የአካባቢው ሰው ድሮ እዚያ ይኖሩ የነበሩት ግዙፋን ናቸው ይል ነበር፤ ሕንጻው የተሠራበትን ትልልቅ ድንጋይ እያየ ሌላ ምን ይበል? ቲሞቲ ኢንሶል የሚባሉ የአርኪዮሎጂ ፕሮፌሰር ከኢትዮጵያ ባለሙያዎች ጋር ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቆፍረው ውጤቱን በ2017 እ.ኤ.አ. ይፋ ሲያደርጉ፣ የወጣው የ12ኛው ክፍለ ዘመን መስጊድ፣ መቃብሮች፣ የግብፅ ሳንቲሞች፣ ዛጎል፣ የከበረ ድንጋይ ዶቃ፣ የጌጥ መሥሪያ ቦታ፣ እና አዎ፣ የብርጭቆ ዶቃና የብርጭቆ ዕቃ ስብርባሪ ነው። ግዙፋኑ ነጋዴዎችና አንጥረኞች ሆነው ተገኙ። የአጽሙ ቁመትም የተለመደ የሰው ቁመት ነው።

እስቲ አስቡት። ከባሕሩ ማዶ የተነፋ ስስ መጠጫ በመርከብ ይጫናል፣ ይወርዳል፣ በግመል ላይ በቆላው ይሻገራል፣ ደጋ ይወጣል። እኔ ከመርካቶ ስድስት የሻይ ብርጭቆ ገዝቼ ፉሪ እስክደርስ በሚኒባስ ሁለቱ ይሰበራሉ። ያን ሁሉ መንገድ መጥቶ ቤት ደርሶ የተሰበረ መጠጫ የባለቤቱን አቅም ይናገራል፣ የመንገዱን ሰላም ይናገራል፣ ማዶ ያለው ገበያ ክፍት መሆኑን ይናገራል። ግን ይህን የሚናገረው ሳንቲሙ አጠገብ፣ ዛጎሉ አጠገብ፣ በዚያች ክፍል ወለል ላይ ሲገኝ ነው። ያው ስባሪ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ «የሆነ ሰው የሆነ ቦታ ጠጣ» ከማለት አያልፍም።

ወደኛ ቀረብ ብሎ መንዝ አለ። ከ10ኛው እስከ 14ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ እዚያ ደጋ ላይ ሙታናቸውን በትልልቅ የድንጋይና የአፈር ክምር ሥር የሚቀብሩ፣ ክርስቲያንም ሙስሊምም ያልነበሩ ሰዎች ይኖሩ ነበር። ተመራማሪዎች የሻይ ባህል ይሉታል፤ ከምንጠጣው ሻይ ጋር አይገናኝም። መቃብሮቹ ውስጥ ከባሕር ማዶ የመጡ የብርጭቆ ዶቃዎች ተገኝተዋል። እነዚህ ሰዎች ስለራሳቸው የጻፉት ነገር የለም። ማን ጋር እንደሚገበያዩ ከሚነግሩን ጥቂት ነገሮች አንዱ ሽንብራ የማታክል ዶቃ ናት። የዚያን ዓይነት ክምር ለኤክስካቫተር ነጂ ክምር አፈር ነው፤ አልፈርድበትም፣ እኔም ባይነግሩኝ አላውቅም።

ቆራሌውን ደግሞ አንድ ነገር ባሳየው ደስ ይለኝ ነበር። በቱርክ የባሕር ጠረፍ፣ ሰርቼ ሊማኒ ከሚባል ወደብ ሥር፣ በ1025 እ.ኤ.አ. ገደማ የሰጠመች አንዲት መርከብ አለች። ዘመኗ የታወቀውም ውስጧ በነበሩት ጽሑፍ ባለባቸው ትናንሽ የብርጭቆ መመዘኛዎች ነው። ከ1977 እስከ 1979 እ.ኤ.አ. ከባሕር ወለል ሲያወጧት ጭነቷ ወደ 3 ቶን ብርጭቆ ሆኖ ተገኘ። ሁለቱ ቶን ገና ዕቃ ያልሆነ ጥሬ የብርጭቆ ጓል ነው። አንዱ ቶን ስባሪ! ሆን ተብሎ የተሰበሰበ፣ የተጫነ፣ ወደ ምድጃ የሚሄድ የዕቃ ስብርባሪ። ስባሪ ከአሸዋው ጋር ሲገባ ምድጃው በትንሽ ማገዶ ያቀልጠዋል፤ ይህ ያኔም ዛሬም እውነት ነው፣ የዛሬ ጠርሙስ ፋብሪካም ስባሪ ይቀላቅላል። የመርከቧ ሰዎች ቆራሌዎች ነበሩ። ባለሙያዎቹ ያን ሁሉ ቁራጭ በቅርጽና በቀለም እየለዩ ዓመታት ገጣጠሙት፤ ዛሬ ቦድሩም ሙዚየም ውስጥ ቆሟል። ስለዚያ ዘመን ብርጭቆ ዓለም ከሚያውቀው ብዙው የመጣው ከዚያ ቆሻሻ ነው ብል አላጋነንኩም።

ከቆሻሻ ሳንወጣ ካይሮን ልጥቀስ፤ ከኛ ጋር በጣም ይመሳሰላልና። ፉስጣጥ የድሮዋ ካይሮ ናት። በ1168 እ.ኤ.አ. ከተቃጠለች በኋላ አብዛኛው ክፍሏ የከተማው ቆሻሻ መጣያ ሆነ። ከዚያ የዕቃ ነጋዴዎች እየቆፈሩ ስባሪውን ለሰብሳቢ ሸጡ፤ በዓለም ሙዚየሞች «ፉስጣጥ ነው ይባላል» የሚል ጽሑፍ ይዞ የተቀመጠው ብርጭቆ ብዙ ነው። «ይባላል» የምትለዋ ቃል ሁሉን ነገር ገደለችው። ከ1964 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ግን ጆርጅ ስካንሎን የሚባል አሜሪካዊ፣ የከተማው ግንባታ እየገፋ ሲመጣበት፣ ንብርብሩን እየመዘገበ ቆፈረ። አንድ ቀን ከቁርጥራጭ የተገጣጠመ፣ ብረትማ ነጸብራቅ ባለው ቀለም የተጻፈበት ጽዋ ወጣ። ጽሑፉ የዐብድ አስ-ሰማድ ኢብን ዐሊን ስም ይዟል፤ በ773 እ.ኤ.አ. ለአጭር ጊዜ ግብፅን ያስተዳደረ ሰው ነው። እስላማዊ ብርጭቆ ላይ ያ ዓይነት አቀባብ መቼ እንደተጀመረ ለሚከራከሩ ሰዎች ያቺ የተሰበረች ጽዋ ቀን ሰጠቻቸው። ጽዋዋ ሳትሰበር በሻጭ እጅ ብትመጣ «ሐሰተኛ ነው» የሚል አይጠፋም ነበር።

ጎረቤቶቻችን ደግሞ ከብርጭቆ ጋር ያላቸው ነገር ከሁሉም የረዘመ ነው። ከኛ ሠፈር በቡታጅራ መንገድ ሲወርዱ አዋሽ ዳር መልካ ቁንጡሬ አለ፤ ከከተማው ወደ 50 ኪሎ ሜትር። አጠገቡ ባልጪት። የቦታው ስምም ከድንጋዩ ነው የመጣው፤ ባልጩት እሳተ ገሞራ የሠራው ብርጭቆ ነው፣ ጥቁርና እንደ ምላጭ የሚቆርጥ። እዚያ የሰው ዘር ከ1 ሚሊዮን ዓመት በፊት ጀምሮ ይጠርበው ነበር፤ በ2016 ዓ.ም. ሁለቱም አብረው በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብተዋል። በደቡብ ያሉ ቆዳ ፋቂዎች በኔ ዕድሜ ሳይቀር በባልጩት ይፍቁ ነበር። እና ልብ በሉ፣ የመልካ ቁንጡሬ ዝና ብዙው የተገነባው በድንጋይ ቁርጥራጭ ላይ ነው።  ዋጋ የሚሰጠው እያንዳንዱ ቁራጭ ከየትኛው ንብርብር እንደወጣ መታወቁ ነው።

እንግዲህ ወደ ሚያንገበግበው።

ከተማው ጫፍ ላይ በቀን ስንት መሠረት ይወጣል? አፈሩ በሲኖትራክ ተጭኖ ሌላ ቦታ ጎርፍ የበላውን ለመሙላት ይደፋል። የአንዱ ሠፈር መቃብር የሌላው ሠፈር ሙሌት ይሆናል። ሕጉ የለም እንዳንል አለ። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ለግንባታ፣ ለመንገድ ወይም ለማዕድን ሲቆፍር ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያው ለቅርስ ባለሥልጣኑ እንዲያሳውቅና እስኪረከቡት እንዲጠብቀው ያዛል። ግልጽ ነው።

ታዲያ ለምን ማንም አያሳውቅም? ጎረቤቴን ጠየቅኳቸው። ጋሼ ተንኮለኛ ሰው አይደሉም። «ልጄ፣» አሉኝ፣ «ብረት ገዝቼ ደጅ ላይ ዝናብ እየመታው ነው። የሰው ኃይል በቀን ነው የምከፍለው። ሰው ጠርቼ ሥራው ቢቆም የሚከፍለኝ ማነው?» መልስ አልነበረኝም። ፍርሃታቸው ትክክለኛ ፍርሃት ነው። ሰው በገዛ እጁ ቤቱን የሚያስቆም ከመሰለው አያሳውቅም፤ ስለ ቅርስ ፍቅር ስብከት ብትሰብከውም አያሳውቅም። እኔ የማስበው፣ አንድ ሰው በሁለት ቀን ውስጥ መጥቶ አይቶ፣ ፎቶ አንስቶ፣ «ቀጥሉ» ወይም «ይቺን ጥግ ብቻ ተዉልን» ብሎ የሚሄድበት አሠራር ቢኖር ብዙው ነገር ይተርፍ ነበር። አብዛኛው ግኝት እንደኔው የጣልያን ጊዜ ጠርሙስ ነው የሚሆነው፤ ማንንም አያስቆምም።

እስከዚያው ለምትቆፍሩ ሰዎች፦ ያያችሁትን ነገር ከማንሳታችሁ በፊት ባለበት ፎቶ አንሱት፤ አጠገቡ አካፋውን አስቀምጡ፣ መጠኑ ይታወቃል። ጥልቀቱን በሜትር ለኩና ስልካችሁ ላይ ጻፉ። ስልኩ ቦታውን ራሱ ይመዘግባል። ብርጭቆ ከሆነ ደግሞ እባካችሁ አትጠቡት። ያን ቀስተ ደመና ቆሻሻ መስሎአችሁ በሽቦ ብትፈትጉት የብርጭቆውን የራሱን ገላ ነው የምትልጡት። እርጥብ ከሆነ ፀሐይ ላይ አታስጡት፤ ቶሎ ሲደርቅ ይፈረፈራል። በሱፐር ግሉ መግጠምማ የማይታሰብ ነው።

መሳቢያው ውስጥ ያለው ነገር ደግሞ ከጉድጓዱ ይልቅ ያናድደኛል፤ ምክንያቱም እዚያ ያለው አንዴ ድኖ ነበር። ተቆፍሯል፣ ተመዝግቧል፣ መጥቷል። የጎደለው ምንድን ነው? ብል የማይበላው መለያ። ክፍልፋይ ያለው ሳጥን፣ ቁርጥራጩ እርስ በርሱ እንዳይፋጭ። ክረምትና በጋ ብዙ የማይለዋወጥ እርጥበት፤ የታመመ ብርጭቆ አንዴ ረጥቦ አንዴ ሲደርቅ ይላላጣል። ጥጥ ደግሞ ለብርጭቆ መኝታ አይሆንም፤ ክሩ ስንጣቂው ውስጥ ይገባና ሲነሳ ጠርዙን ይዞት ይመጣል። ባለሙያዎች ሲያጣብቁም ሲፈለግ በአሴቶን የሚለቅ፣ ፓራሎይድ ቢ-72 የሚባል ሙጫ ነው የሚጠቀሙት፤ የዛሬው ጠጋኝ ቢሳሳት የነገው እንዲፈታው።

ከዚህ ውስጥ ውድ የሚባል ነገር የለም። እኛ ግን ገንዘብ ስናገኝ የምንገዛው አዲስ የማሳያ ሣጥን ነው፣ መብራት ያለው። ሪባን የሚቆረጠውም እዚያ ጋ ነው፤ መሳቢያ ስለተደራጀ ሪባን የቆረጠ ሰው አይቼ አላውቅም። በ2011 ዓ.ም. የዓፄ ቴዎድሮስ ፀጉር ከለንደን ሲመለስ ሁላችንም ደስ ብሎናል፣ እኔም። ከውጭ የሚመለሰውን በጭብጨባ እንቀበላለን። ውስጥ ያለው ሳይወጣ ሲጠፋ ግን ዜና አይሆንም፤ ወረቀትን ብል ሲበላ ድምፅ የለውማ።

እትዬን ስሰናበታቸው የዚያን ቆርቆሮ መጨረሻ ጠየቅኳቸው። ጡረታ ሊወጡ ሁለት ዓመት ቀርቷቸዋል። በትርፍ ሰዓታቸው እያንዳንዷን ቁራጭ ከላይ ከታች ፎቶ እያነሱ፣ የድሮ መዝገቦች ውስጥ ያን ግማሽ ቁጥር የሚመስል እየፈለጉ ነው። እስካሁን ሁለት መዝገብ ጨርሰዋል። አሥራ አንድ ቀርቷል።

ስባሪዬን ይዤ ተመለስኩ። መስኮት ላይ አስቀመጥኩት፤ በክር ወረቀት አስሬበታለሁ፦ «ፉሪ፣ የጎረቤት መሠረት፣ ጥልቀቱ ያልታየ»። ቀን ጽፌበታለሁ።

የጋሼ ቤት አሁን አልቋል። ባለፈው ሳምንት የአጥሩ ግንብ ጫፍ ላይ ሲሚንቶ እየተቀባ የጠርሙስ ስባሪ ይሰካ ነበር፣ ሌባ እንዳይዘል። ቡናማ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ፤ ፀሐይ ሲያርፍበት ያምራል እንጂ። ግንበኛው ከመሰላሉ ላይ ሆኖ በመስኮቴ አየኝ።

«እትዬ፣ ያቺን ወፍራሟን ቢሰጡኝ ጥጓን ትዘጋልኝ ነበር።»

«እሷ ወረቀት አላት» አልኩት።

ግራ ገብቶት ትንሽ አየኝና ወደ ሲሚንቶው ተመለሰ።